አሞሌ የሚሸጥባት ደሴት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣና ዳር አያቴ ቤት፣ ማታ ማታ የምሰማው ስለ አንዲት የጠፋች ደሴት ነበር። አያቴ ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ያኔ ራት ከተበላ በኋላ፣ ኩራዙ እየጤሰ፣ እሳቸው በምድጃው ፍም እጃቸውን እያሞቁ፣ በአንድ ብራና ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ ያነበቡትን ይነግሩኝ ነበር፤ የጎንደርና የጎጃም ነጋዴዎች በታንኳ እየመጡ አሞሌ ጨውን በቡናና በማር የሚለውጡባት ደሴት እንደነበረች። የአገሩ ሰው ይስቅባቸዋል። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት ቀዛፊዎች እንዲህ ያለ ደሴት አላዩም። አያቴ ግን በማግስቱ ማታ ደግመው ይነግሩኛል።

አድጌ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ የታሪክ መምህር ሆንሁ። ነገሩ ከልቤ አልወጣ ቢለኝ ያን ብራና ፈልጌ አገኘሁት። ደሴቲቱን ከአንድ ወንዝ መግቢያ ፊት ለፊት፣ በውሃ መካከል ያደርጋታል። በሌላ ደብር ያየሁት፣ ከእሱ በኋላ የተጻፈ የርስት መዝገብ ግን የደሴቲቱን ስም ጠርቶ በበጋ በእግር የሚገባበት ቦታ ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ገባኝ። ደሴቲቱ አልሰጠመችም፤ ወንዙ ያመጣው ደለል ከየብስ ጋር አገናኝቷታል። ቀዛፊዎቹ በውሃ ላይ ሲያጧት፣ ገበሬ ሲያርሳት ኖሯል።

ባለፈው ዓመት ሄድሁ። የጓያ ማሳ ናት። አራሹ ማረሻው እያወጣ ያስቸገረውን የሸክላ ስብርባሪ ድንበሩ ላይ ከምሮታል። አንድ አሮጌ ዶቃ ሰጠኝ። ደስ እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምንም አልተሰማኝም።

በዚያው ቀን አያቴ ከእናቴ ጋር ወደሚኖሩበት ወደ መሸንቲ ሄድሁ።

«አባባ፣ ደሴቲቱን አገኘኋት» አልኋቸው።

ዶቃውን አገላብጠው አዩት። «የቷን ደሴት ልጄ?»

«አሞሌ የሚሸጥባትን። እርስዎ የነገሩኝን።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» አሉ ረጋ ብለው። «የነገረሽ ሌላ ሰው ይሆናል።»

እናቴ አቀረቀረች። ካረጁ ወዲህ ብዙ ነገር እንደሚረሱ አውቅ ነበር፤ ይህን ይረሳሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። አላለቀስሁም። የቀረበልኝን በልቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ፤ በማግስቱ ክፍል ገብቼ አስተማርሁ።

አሁን ጥናቱን እየጻፍሁ ነው። ብራናውም መዝገቡም በምንጭነት ገብተዋል። የአያቴን ስም የት እንደማሰፍረው ግን አላወቅሁም። እሳቸው አልነገርሁም ብለዋል፤ የሳቁባቸውም አልቀዋል፤ የሰማሁ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።