የይሻው ጉልበት

ይሻው ዳገት አይፈራም። የሚፈራው ቁልቁለት ነው።

ቅዳሜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ጋራ ራስ ላይ ቆሟል። ከታች ደብረ ታቦር በጉም ተሸፍናለች፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ላባቸው ሳይደርቅ ያቀዘቅዛቸዋል። አብረውት ዳገቱን የሮጡት ሌሎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ይሳሳቃሉ። እሱ በልቡ እርምጃ ይቆጥራል። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ አርባ። ከዚያ እስከ ባሕር ዛፎቹ መቶ ሃያ። ከባሕር ዛፎቹ በኋላ ጠጠር የበዛበት ክፉ ቦታ አለ። ቀኝ ጉልበቱ የሚከዳው እዚያ ነው።

"እንግዲህ እንውረድ" አለ፣ ድምፁን ጠንከር አድርጎ።

"አሰልጣኝ ከፊት!" አለ ሙላቴ።

ሙላቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከይሻው በአሥር ዓመት ያንሳል። "አሰልጣኝ" የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው፣ ለቀልድ። ይሻው ግን አሰልጣኝ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ፣ ስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ጥግ የሚፈልግ ሰው ነው። ቡድኑንም አስቦ አላቋቋመውም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብቻውን መሮጥ ጀመረ፤ አንድ ሰው ተከተለው፣ ከዚያ ሁለት፣ አሁን አሥራ አራት ሆነዋል። በሕይወቱ ሰው ከኋላው የሚከተለው በዚህ ጋራ ላይ ብቻ ነው።

መሮጥ የጀመረው ፈርቶ ነው። አባቱ ሐሙሲት አጠገብ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን አውድማ ላይ መንሽ እንደያዙ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ቆይተው ሞቱ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ይሻው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሲለካ የሱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒን ጀመረ፣ ሩጫም ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሙ መለኪያውን ከክንዱ እየፈታ፣ "በዚሁ ከቀጠልህ ኪኒኑን እናቆመዋለን። ስፖርቱን የተውህ ዕለት ግን እንመለስበታለን" አለው። ይሻው ከሆስፒታሉ ሲወጣ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ከጆሮው ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ አለ። ስፖርቱን የተውህ ዕለት።

ጉልበቱ መታመም የጀመረው ካቻምና ክረምት ነው። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የደረቀ አገዳ ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ መውጋት ጀመረ። ቀጥሎ ከበርጩማ ሲነሣ። ወጌሻ በቅቤ አሸው፤ ለሳምንት ቀለል ብሎት ተመልሶ ባሰው። ከዚያ በኋላ ከገበያ የሚለጠጥ ፋሻ ገዝቶ፣ በሱሪው ሥር እየጠመጠመ፣ ለማንም ሳይናገር መሮጡን ቀጠለ።

ሚስቱ ትርንጎ ግን ልብስ ስታጥብ ፋሻውን አገኘችው።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ብርድ እንዳይገባኝ ነው።"

"ብርዱ በአንድ እግር ብቻ ነው የሚገባው?"

በማግስቱ እሷው ፊት ፊት እየመራች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ከበሩ አድርሳው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ክፍሉ ውስጥ ያገኛት ሰዓዲያ የምትባል የይፋግ ልጅ ነበረች፤ ሻሿን አስተካክላ ያሰረች፣ ንግግሯ ፈጣን። አልጋው ላይ አስተኝታ ጉልበቱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ የጉልበቱን ሎሚ፣ ክቡን አጥንት፣ አንቀሳቀሰችው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣችና ሁለቱንም ጭኖቹን ለካች።

"አዩ? የቀኙ ከግራው በሦስት ሴንቲ ቀጥኗል።"

"ምን ማለት ነው ሲስተር?"

"ሲስተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ምን ማለት መሰለዎት፣ ጉልበት አንሶዎታል። ጉልበት መጨመር አለብዎት። ሌላው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ያልገባዎት ካለ ይጠይቁኝ።"

ይሻው አልጠየቀም። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ደግሞም አፍሯል። ጉልበት አንሶዎታል! በልጅ ፊት፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተኝቶ። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቢሮ ሲደርስ፣ የእጁ ልማድ ሆኖ፣ የግል ጉዳዮቹን ከሚያስቀምጥበት አቃፊ ውስጥ አኖረው። የሰው ወረቀት ሲጠፋ የሚያገኘው ይሻው የራሱን ሳያነበው ፋይል አደረገው።

"ምን አለችህ?" አለች ትርንጎ ማታ።

"ጉልበት ጨምር አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው። ማነሱ ነው አሉ ችግሩ።"

ትርንጎ አየችው። "የሚያምህን ነገር ጨምር አለችህ?"

"የተማረችው እሷ ናት እንግዲህ።"

ጨመረም። በሳምንት ሁለት ቀን የነበረውን ሩጫ አራት አደረገው። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ደገመው። ጥርሱን ነክሶ ሲወርድ፣ ይኸ ሕመም ጉልበት ሲገባ የሚሰማ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። ሌሊት ግን ጉልበቱ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይግላል። አንድ ጊዜ ከአልጋው ሲወርድ እግሩ አልዘረጋ ብሎት፣ በጨለማው ግድግዳ ይዞ ቆሞ፣ አባቱን አሰበ። የሳቸውም ቀኝ እግራቸው ነበር።

እናም ያ ቅዳሜ መጣ።

አርባውን እርምጃ ጨረሰ። መቶ ሃያውን ጨረሰ። ባሕር ዛፎቹን አለፈ። ከኋላው የአሥራ ሦስት ሰው ኮቴ ይሰማዋል፤ ቢያዘግም ይደርቡበታል፣ ቢቆም ይጠይቁታል። ቀስ፣ አለ ለራሱ፣ ቀስ። ጠጠሩ ላይ ቀኝ እግሩን አሳረፈ፤ ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። መሬቱ ወደሱ መጣ።

ሊነሣ ሲል አልቻለም። እግሩ ታጥፎ ቀረ፤ አይዘረጋም፣ አይታጠፍም። ሙላቴ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበለትና ፋሻውን አየ፤ በፋሻው ሥር ውኃ ቋጥሮ ያበጠውንም አየ።

"ይኸን ይዘህ ነው ስትሮጥ የከረምህ?" አለ ሙላቴ። ቀልድ አልነበረበትም።

ይሻው ቀኝ እጁን ጨበጠ፣ ፈታ፤ ጨበጠ፣ ፈታ። እጁ ይታዘዛል። አፉን በመዳፉ ዳሰሰው። እንደ አባቱ አልጠመመም። እንባው የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ እነሱ የመሰላቸው ከሕመሙ ነው። ለሁለት ደግፈው አወረዱት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሰዓዲያ ያበጠውን ጉልበት በጣቷ ጫን እያደረገች አየችው። ትርንጎ ከጎኑ ቆማለች፤ ዛሬ ከበሩ አልተመለሰችም።

"ጋሼ ይሻው፣ ያን ለት ምን ብዬዎት ነበር?"

"ጉልበት ጨምር።"

"እና?"

"ጨመርሁ። ሁለት ቀን የነበረውን አራት አደረግሁት።"

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "እኔ ጉልበት ያልሁት የጭንዎን ነው! ጭንዎ አቅም ስለሌለው ሸክሙን ሁሉ ጉልበትዎ ተሸከመው። ጭኑ ይጠንክር ነው ያልሁት። ወረቀቱ ላይ ሩጫ አይሮጡ፣ ቁልቁለት አይውረዱ ብዬ አስምሬበታለሁ!"

"ታዲያ ጭን አትይም? ጉልበትም ጉልበት፣ ጉልበትም ጉልበት። በምን ልለየው?"

ሰዓዲያ እጆቿን ከፊቷ አወረደች። "እውነትዎን ነው" አለች ቀስ ብላ። "ስህተቱ የኔም ነው።"

"ወረቀቱ የት ነው ያለው?" አለች ትርንጎ።

"ፋይል አድርጌዋለሁ" አለ ይሻው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እብጠቱን ሐኪሙም አየው፤ አጥንቱ ደህና ነው አለ። ግፊቱ ሲለካ ግን መቶ ሃምሳ ሁለት በዘጠና ስድስት ሆነ። "ሕመሙም ድንጋጤውም ከፍ ያደርገዋል። በስድስት ሳምንት ተመለስ፤ እንዲሁ ከሆነ ያቆምነውን ኪኒን እንደገና እንጀምራለን።"

"በስድስት ሳምንት ሩጫ ካልሮጥሁ እኮ ይብሳል።"

"ሩጫ የለም" አለች ሰዓዲያ። "ሜዳ ሜዳውን በእግር መሄድ፣ እብጠቱ ሲጎድል። ጭኑን ማሠራት። ሌላ ምንም።"

ስድስቱ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ጧት ጧት ይሻው ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው በትንሹ ዝቅ ብሎ፣ ጭኑ እስኪንቀጠቀጥ ይቆማል። ማታ በጀርባው ተኝቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንድ ኪሎ ገብስ በፌስታል አስሮ፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያነሣል።

"ገብሱን ለበዓል እፈልገዋለሁ" ትለዋለች ትርንጎ።

"በዓሉ እስኪደርስ አድናለሁ።"

"ካልዳንህስ?"

"በእግሬ የታሸ ጠላ ትጠጫለሻ።"

ይሥቃሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ይሞታል። ቅዳሜ ንጋት ላይ ቡድኑ በደጁ ሲያልፍ ኮቴውን ይሰማል፤ ሙላቴ "ሁለት፣ ሦስት!" ሲል ይሰማል። ያን ጊዜ ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታል። እየወጣ ይሆን? አሁን፣ እዚህ እንደተኛሁ፣ ግፊቴ እየወጣ ይሆን? በሦስተኛው ሳምንት ሊለካ ሄዶ፣ ተራው ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው ተነሥቶ ወጣ።

ሙላቴ ሊጠይቀው መጣ። "ጉልበቱ አልቋል ይሉሃል ሰዎቹ" አለው።

"የትኛው?"

ሙላቴ አልገባውም ነበርና ይሻው የሰዓዲያን ነገር አጫወተው። እስኪያስለው ሣቀ። ሲሄድ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ "ፋሻውን ከየት ነው የገዛኸው?" ብሎ ጠየቀ። ይሻው የገበያውን ሱቅ ነገረው፤ ለምን እንደጠየቀው አላሰበበትም።

ቀጠሮው ደረሰ። መጀመሪያ ሰዓዲያ ለካችው፤ የቀጠነው ጭን ከሦስቱ ሴንቲ ሁለቱን መልሷል። ደስ አላለውም። ዓይኑ የሚያየው ከወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የግፊት መለኪያ ነበር።

ነርሷ ክንዱ ላይ ጠመጠመችለት። ነፋችው። ክንዱ ተጨነቀ፣ ተጨነቀ፣ ላላ። ነርሷ ግንባሯን ቋጠረች።

"እንደገና ልለካ።"

"ምነው?"

"አይናገሩ።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር፤ አንድም ፊደል አላነበበም። አባቱ መንሹን ይዘው ከፊቱ ቆሙ። እንደገና ተነፋ፣ እንደገና ተጨነቀ።

"መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ስድስት። ቅድም ስለተንቀሳቀሱ ነው የደገምሁት።"

ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ፣ "በጣም ጥሩ አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ኪኒኑን ለአሁኑ እንተወው፤ በወር እንይህ" አለ። ይሻው እጅጌውን ማውረድ አቅቶት ትርንጎ አወረደችለት።

"ሩጫስ?" አለ ወደ ሰዓዲያ ዞሮ።

"ገና ነው። የኢየሱስን ጋራ በእግርዎ ቀስ ብለው መውጣት ይችላሉ። መውጣት። መ-ው-ጣ-ት ብዬ ልጻፍልዎት?" ከዚያ ጣቷን አነሣች። "ሲወርዱ ግን በባጃጅ። ይኸንን ፋይል አያድርጉት።"

ቅዳሜ ጧት ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ፣ ከጋራው ራስ ከሁሉም ኋላ ደረሰ። ሲያዩት አጨበጨቡ። እጃቸውን አወናጨፉ፣ ወገባቸውን አጠፉ፤ እሱም ከነሱ ጋር። ጉሙ ከከተማው ላይ መነሣት ጀመረ። ባጃጁ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ ትናንት ማታ ነው የቀጠረው። ማንም የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

"አሰልጣኝ ከፊት!" አለ ሙላቴ።

አሥራ ሦስቱ ወደሱ ዞሩ። ይሻው ጉሮሮውን ጠረገ። ስብሰባ ላይ እጁን ለማውጣት ሲያስብ የሚይዘው ላብ መጣበት። ዝም ብሎ ቢወርድ ማን ያውቃል? ቀስ እያለ፣ ጎን ጎኑን እየረገጠ። አርባ፣ ከዚያ መቶ ሃያ። ከባሕር ዛፎቹ በኋላ ያለው ጠጠር ታየው።

"እኔ በባጃጅ ነኝ የምወርድ" አለ።

አንዱ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎታል። ሌላው ወደ ባጃጁ አየ፣ ወደ ይሻው አየ።

"ጉልበቴ ታሟል። ሁለት ዓመቱ ነው። ደብቄያችሁ ነበር። ዳገቱን እወጣለሁ፤ ቁልቁለቱን አልችልም። ሐኪሟ ከልክላኛለች።"

ማንም አልሣቀም። ይሻው ፊቱ እንደጋለ ሄዶ ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባው። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ የሚሮጥ ኮቴ ሰማ።

ሙላቴ ነበር። "ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል አይደል?" ብሎ ገባ። ይሻው ሊያሾፍበት የመጣ መስሎት ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። ሙላቴ ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። በጉልበቱ ላይ አዲስ ፋሻ ተጠምጥሟል፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ ያልተነሣ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ይሻው።

"አንተ ከወደቅህ ወዲህ እኔ ነኝ ፊት የምመራ" አለ ሙላቴ፣ ሱሪውን እያወረደ።

ባጃጁ መውረድ ጀመረ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ከፊታቸው እየሮጡ ወደ መታጠፊያው ተሰወሩ። ባሕር ዛፎቹን አለፉ። ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ባጃጁ ተንገጫገጨ፤ አንዱ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን፣ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

"ሰኞ ሥራ አለህ?" አለ ይሻው፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ።

"ከሰዓት የለኝም።"

"ሜትር ያላት ልጅ አለች፣ እወስድሃለሁ" አለ ይሻው። "ግን ጉልበት ጨምር ካለችህ፣ የትኛውን ብለህ ጠይቅ።"