ያልተቃናው ስፌት

ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ከጀርባዋ ግን ስሟ «ኤዲያ» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። ለምን እንደወጣላት ግን ቦርሳ ይዞ ደጃፏን የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ቦርሳውን ተቀብላ ገና አገላብጣ ሳታየው አፍንጫዋን ትሸበሽብና «ኤዲያ» ትላለች። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ደስ ካላት።

ሱቋ በፎቶ ኮፒ ቤትና በመነጽር ቤት መሐል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ አንድ የቆዳ ስፌት መኪና፤ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ መቀሶች፣ ወስፌዎችና ጉጠቶች። ለደንበኛ ደግሞ አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች። በርጩማዋ ሆን ተብሎ እግሯ የተቆረጠ ይመስላል፤ የተቀመጠባት ሰው ባለሱቋን የሚያያት ሽቅብ አንጋጦ ነው። ክፍሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። እሷ ሽታው አይሰማትም፤ የደንበኛ ሽቶ ግን ወዲያው ያስነጥሳታል።

የቆዳ ቦርሳ ታድሳለች፣ ታሳጥራለች፣ ገበር ትቀይራለች፣ ዚፕ ትተክላለች። ይህን ስትሠራ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኗታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ በአካባቢው የሚስተካከላት የለም። ክፋቱ ይህን ከማንም በፊት የምታውቀው ራሷ መሆኗ ነው።

በእሷ ቤት ሰው የሚባል ፍጡር ቆዳ መያዝ አያውቅም። አንዷ ቦርሳዋን በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ እንደ ጣውላ ሲደርቅባት ይዛ መጣች። «አንቺንስ በሳሙና ዘፍዝፈው ጣራ ላይ ቢያሰጡሽ ምን ትሆኚ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት፤ ጠይቃም መልሱን ጠበቀች። ሌላው ደግሞ ላፕቶፕ፣ ጃንጥላ፣ የምሳ ዕቃና ሁለት የውሃ ጠርሙስ አጭቆ ማንገቻው ሲበጠስበት ጊዜ «ቆዳው ደካማ ነው መሰለኝ» አላት። ደካማው ማን እንደሆነ ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳችው። ቫዝሊን የሚለቀልቁ አሉ፣ የጫማ ቀለም የሚለስኑ አሉ፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ምድጃ ዳር የሚያደርቁ አሉ። ሁሉንም በየተራ ታወርድባቸዋለች። ፕላስቲኩን ይዞ «ንጹህ ቆዳ ነው» ብሎ የሚከራከራት ሲመጣማ ጮቤ ትረግጣለች። በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ «ይሄ ላም አይቶም አያውቅ» ብላ በሁለት ጣት ይዛ ትመልስለታለች።

ከሁሉ የምትንቀው ግን የሚያዛትን ነው። እዚህ ጋ ቁረጪ፣ እዚያ ጋ ተዪ የሚል ሰው ሲመጣ እሺ፣ እሺ ትልና የራሷን ትሠራለች። ደንበኛ የሚያዝዘው ሻይ ቤት ነው ባይ ናት። ሰው ይህን ሁሉ ስድብ ችሎ ለምን ይመለሳል የሚል ካለ ስፌቷን ይየው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

እንግዲህ በእጇ ካለፈው ስፍር ቁጥር የሌለው ቦርሳ ሁሉ የራሷ እንዲሆን የተመኘችው አንዱን ብቻ ነው፤ የእናቷን። እናቷ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቦርሳው ቡናማ፣ ሆደ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ዘለበት ነበር፤ ጓንቱም፣ መቀሱም፣ ፎጣውም የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። እናቷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ያኔ ቦርሳው የደረሰው ለታላቅ እህቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የቢሮ ጸሐፊ ሆና ወረቀት በፌስታል ስታመላልስ ለኖረች ሴት።  ቆዳ ስፌት የምታውቀው እሷ፣ ቦርሳውን የወሰደችው ያቺ። «ዘረፈችኝ» እያለች ለሚያውቃትም ለማያውቃትም ተናግራለች። የእሷ ቢሆን ወር በገባ ቁጥር ቅባት ባበላችው፣ ቅርጹ እንዳይወድቅ በጋዜጣ በሞላችው፣ ንፋስ በሚያገኝበት በሰቀለችው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስትንከባከበው ኖራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እህቲቱ መጣች። በእጇ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላለች፤ አፉ በደንብ ተቋጥሯል። እትዬ ኤዲያ ቋጠሮውን በመቀስ ቆርጣ ውስጡን ስታይ ክው አለች። የእናቷ ቦርሳ ነው። ነጭ ሻጋታ ከዘለበት እስከ ዘለበት ወርሶታል።

ከዚያማ አፏን ከፈተች። ቆዳ በፌስታል አፍኖ ቁም ሳጥን ውስጥ መቅበር ምን የሚሉት ጭካኔ እንደሆነ፣ ቆዳ እንደሚተነፍስ፣ ይህን የማታውቅ ሰው ቦርሳ ሊሰጣት ቀርቶ ሊያሳዩአት እንኳ እንደማይገባ፣ አንዱንም ሳታስቀር ዘረገፈችው። እህቲቱ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከዝናብ እንደተጠለለ ሰው እስኪያባራ ጠበቀች። ሲያባራ ጉዳይዋን ተናገረች። ልጇ ሥራ ልትጀምር ነው፤ የአያቴን ቦርሳ ካልያዝኩ ብላለች። ነገር ግን ይህን የሚያህል ሸክም ይዛ በአውቶቡስ መጋፋት አትችልም። ስለዚህ በግማሽ ይነስላት።

የእናቷን ቦርሳ በመቀስ! እትዬ ኤዲያ መጀመሪያ ሳቀችባት። ቀጥሎ ለመነቻት፤ መለመን ስለማታውቅበት ልመናውም ቁጣ ይመስል ነበር። ቦርሳውን ለእኔ ተዪልኝ፣ ለልጅቷ ካለኝ ቆዳ ሁሉ ምርጡን መርጬ አዲስ እሠራላታለሁ አለች። እህቲቱ አልሰማ አለች። አንቺ ካልሠራሽልኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ቦርሳ ያሳንሳል ይባላል፣ እሱ ጋ እወስደዋለሁ አለች። ይህ ሰውዬ በእትዬ ኤዲያ ዘንድ ስሙ «አራጁ» ነው። እንስሳውን አንድ ጊዜ አርደውታል፣ እሱ ደግሞ ይደግመዋል ትላለች። እናም የይቆረጥ አይቆረጥ ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። የእናቷን ቦርሳ የሚቆርጥ ቢላ ካለ በራሷ እጅ ይሁን አለች፤ ቢያንስ ለሦስት ቀን ቤቷ ያድራል።

«ከታችም ቁረጪ፣ ከጎንም ቁረጪ» አለቻት እህቷ ከበርጩማው ሳትነሳ። «የጀርባውን ጥግ ብቻ እንዳትነኪብኝ። ማንገቻው የተሰፋበትን።»

እሺ፣ እሺ አለች እትዬ ኤዲያ፤ እሺዋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቦርሳውን ገለበጠችና ጥጉን አየች። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አላየችም። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ወስፌው አንድ ቦታ ሦስቴ ገብቶ ወጥቷል፤ የሰፋው ሰው ቀዳዳው የት እንዳለ ሳይጠፋበት አልቀረም። ክሩ ሰም አልተቀባም። ማስቲሹ ፈስሶ ቆዳው ላይ ጥቁር ካርታ ሠርቷል።

አሁን የምር ደሟ ፈላ። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት ቦርሳውን ለሆነ መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው ሰጥታ አሰፍታዋለች ማለት ነው! ማን ነው አለቻት። ዓይነ ስውር ነው ወይስ ሰካራም? ይሄ ስፌት ነው ወይስ ዶሮ የጫረው አፈር? እንዲህ የሰፋ እጅ መርፌ ዳግመኛ እንዳይነካ በሕግ መከልከል አለበት አለች።  እትዬ ኤዲያ እየተሳደበች ምላጯን አነሳች፤ እየተሳደበች ጫፉን ከክሩ ሥር ሰደደች፤ አንዱን ስፌት በጠሰች፣ ሁለተኛውን በጠሰች።

«ተዪው» አለች እህቷ። «ያንቺ ነው።»

«ምኑ ነው የኔ?»

«ስፌቱ። ሥራ የጀመርሽ ሰሞን ማንገቻው ተበጥሶ እማዬ ላንቺ የሰጠችሽ ጊዜ የሰፋሽው ነው።»

እጇ ባለበት ቀረ። መስፋቷንማ ታስታውሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ቦርሳውን ያኔ ልጇን ወደሚያሠራት ባለሙያ ልትወስድ ትችል ነበር፣ ግን ለልጇ ሰጠች፤ ሲያልቅም «ጎሽ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ ትከሻዋ ላይ አንግታው ወጣች። ይህን ስንት ሰው ፊት አውርታዋለች መሰላችሁ። በትዝታዋ ውስጥ ግን ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ጥግ አንዴ እንኳ አይታው እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። አላየችውም።

«እማዬ ጥጉን ወደ ጎኗ አዙራ ነበር የምትይዘው» አለች እህቷ። «እኔ አፍራበት ይመስለኝ ነበር። ስትታመም ጠየቅኋት። እህትሽ እንዳታየው ነው አለችኝ፤ ካየችው ፈትታ ታቃናዋለች። ለሷ ብተውላት ያ ስፌት አንድ ቀን አያድርም፣ አንቺ ጋ ይሁን አለችኝ።»

 «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እትዬ ኤዲያ።

«መቼ ጠየቅሽኝ? ዘረፈችኝ አልሽ እንጂ።»

እትዬ ኤዲያ ምላጯን አስቀመጠች።  ጠረጴዛው ላይ የተበጣጠሰውን ክር ታያለች። እናቷ አንድ ቀን አያድርም ብላ ነበር፤ ምስኪን እናት፣ አንድ ቀን ማለቷም ልጇን አክብራ ነው። ቦርሳው እጇ ከገባ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። አፈረች። እንደ ልጅ ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች፤ እህቷም ይህን አይታ ዓርብ እመለሳለሁ ብላ ቶሎ ወጣችላት።

ሦስት ቀን ሠራች። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ አራግፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ጥላ ውስጥ አደረቀችው፤ ቅባቱን በጣቷ እያሸች አጠጣችው። ግርጌውን ተርትራ የተሰነጠቀውን ቆርጣ ጣለች። ጎኑን አጠበበች፣ ዘለበቶቹን አቀራረበች፣ ገበሩን አዲስ አደረገች። የሚያሳፍር ቦታ ቢፈልጉ አይገኝበትም። የቀሩት የበጠሰቻቸው ሁለቱ ስፌቶች ብቻ ነበሩ።

ክሩ ሲበጠስ አሮጌው ቆዳ አብሮ ተቀዷል፤ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ተገናኝተው ክር የሚይዙ አልሆኑም። ሌላ መብሳት ነበረባት። አዲሶቹም ቀዳዳዎች እንደ ጎረቤቶቻቸው ጠማማ ሆነው መበሳት ነበረባቸው። መጀመሪያ ቁራጭ ቆዳ ላይ ሞከረችው። ወስፌውን አዛብታ ስትተክለው እጇ ሳታዝዘው አቀናው። ዓይኗን ጨፍና ሞከረች፣ ቀጥ አለ። በግራ እጇ ሞከረች፤ ጠመመላት፣ ነገር ግን ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ የሚሰማው ዓይነት ነገር ሆነ፣ ለራሷም ቀፈፋት። ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጣምማ ልስፋ ብላ አልነበረም። ለእናቷ አሳምራ ልትሰፋ ነበር የለፋችው። ሐሙስ ከሰዓት የቁራጭ ክምር ጠረጴዛዋን ሞላው። ደንበኞች መጥተው እንዳመጣጣቸው ሳይሰደቡ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ታማለች እንዴ ተባባሉ።

በመጨረሻ ትንፋሿን ይዛ በቦርሳው ላይ ወጋች። ሁለት ጊዜ። ቆዳው ሦስተኛ መወጋት እንደማይችል ታውቃለች። ክሩን አሳልፋ ስባ ቋጨችውና መነጽሯን አድርጋ አየችው። ከዚያ ሁሉ የተወላገደ ስፌት መሐል ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እኩል፣ ጥብቅ፣ ምንም እንከን የማይወጣላቸው።

ዓርብ እህቷ መጣች። የግርጌውን ሥራ አላየችም፣ ገበሩን አልከፈተችም፣ ዘለበቶቹንም ልብ አላለች። ቀጥታ ቦርሳውን ገለበጠችና አውራ ጣቷን በጥጉ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እነዚህ ሁለቱ ምን ሆነው ነው?» አለች።

እትዬ ኤዲያ የምትለው ሞልቷት ነበር። ቆዳው አርጅቷል፤ ፌስታል ውስጥ ያፈነችው ማን ሆነና፤ አራጁ ጋ ቢሄድ ኖሮ ጥጉም ባልተረፈ። ሁሉም እውነት ነው። ወስፌዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«አበላሸኋቸው» አለች።