ለዴሽሙክ የቀረበው ሽንጥ

ዛሬ ሥጋ የማይበላ ሰው ለሽምግልና ይዤ ወጥቼ «ባላባት ነው» አልኩ። ሰባ ዓመት ለብቻው ሰውን ብልህ አያደርግም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።

ከፍኖተ ሰላም የተነሣነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለእህቴ ልጅ የግራዝማችን የልጅ ልጅ ልንጠይቅ ወደ ቡሬ ገጠር። ግራዝማች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል፤ ሦስተኛ ከመለሱ ነገሩ አበቃ። ሽምግልናው እንዲከብድ ጎረቤቴን፣ የኮሌጁን ህንዳዊ መምህር ጨመርኩ። ስሙ ዴሽሙክ ነው።

ሚኒባሱ በስምንት ብር ጉልበታችንን ከአገጫችን አገናኘው።

«ስምህ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ማዕረግ ነው አባባ። በምዕራብ ህንድ የብዙ መንደር አለቃ። ግብር ይሰበስባል፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። የአንድ መንደሩ ፓቲል ይባላል።»

«እንግዲያ ፓቲል ጭቃ ሹም ነው፤ አንተ ከዚያ በላይ ነህ።»

«አሁን ስም ብቻ ነው። አባቴ ጸሐፊ ነበር።»

የመጨረሻዋን እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ቡሬ ወርደን፣ ለበቆሎ በታረሰ ማሳ መካከል አንድ ሰዓት ተጓዝን። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ ግን ገና ከበሩ፣ «ይህ ሰው በአገሩ ባላባት ነው፤ ደጃዝማች ቢሉት አይበዛበትም» አልኩ።

«ባላባትማ ቆሞ አይለምንም» ብለው ግራዝማች ከራሳቸው መደብ ተነሥተው አስቀመጡት። በግ ታረደ፤ ሽንጡ ተጠብሶ ፊቱ ቀረበ።

«እርስዎ ሳይቀምሱ እኛ አንቀምስም። ሳንቀምስም ስለ ልጂቱ አንነጋገርም።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ ሥጋ አልበላም እኮ።»

ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ፣ ከሰፈሩ ጾም ሲገባ የሚደሰት እሱ ብቻ መሆኑን እያየሁ፣ ረሳሁት።

«አንዴ ቅመስና ትፋው» አልኩት በሹክሹክታ።

«አልችልም።»

ሥጋው ቀዘቀዘ። አብረውን የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች በዓይናቸው እኔን ይጠብሱኝ ጀመር።

«ደምሴ፣ ቤቴን ናቀው?» አሉ ግራዝማች።

«እሱስ አልናቀም፤ የቀባጠርሁት እኔ ነኝ። ማዕረጉ እውነት ነው፤ የቀረው ግን ስሙ ብቻ ነው። ሥጋም አይበላም። እርስዎ ፊት እንድንከብድ ብዬ ነው።»

ግራዝማች ወደ መምህሩ ዞሩ። «መሬቱስ?»

«በአያቴ ጊዜ መንግሥት ወሰደው።»

«ስሙን ግን ተወላችሁ።»

«ስሙን ተወልን።»

«እኔንማ በስሜ ነው የያዙኝ። መሬት ሲደለደል ‹ግራዝማች› ተብሎ ቢነበብ የፊውዳል ቅሪት ሆንኩ፤ አራት ጥማድ ቀረችኝ።» ሽንጡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «የእሱን ድርሻ ሕመሙን የሚያውቅ ይብላለት። ለእሱ እርጎ አምጡ። ልጂቱንም ሰጥተናል። አንተ ደምሴ ግን በሰርጉ ቀን መቀመጫህ ከበሩ ሥር ነው።»

ወደ ማታ ቤቴ ገባሁ። በሰው ማዕረግ መንጠራራት ከበር ሥር እንደሚያስቀምጥ ተምሬ መመለሴ ነው። መምህሩ ቀኑን በእርጎ ብቻ ስለዋለ፣ «ረቡዕ የጾም ሽሮ እኔ ቤት» ብዬ ጠርቼው ነበር። ሚስቴ ሳቀችብኝ፤ ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ አይጾምም፤ በፍስክ ሽሮ ለእንግዳ አላቀርብም አለች። እስከ ሰኔ ጾም ድረስ ለዴሽሙክ አንድ ገበታ ሽሮ አለብኝ።