ለጸዮን ያልደረሰ መርዶ

የጸዮን እናት ወይዘሮ ብርሃነሽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ሚያዝያ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞቱ። ቶሮንቶ ያለው የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሰብስቤ በዚያው ቀን ሰሙ፤ አባላቱ በማግስቱ ሰሙ። ጸዮን እስከ መስከረም አልሰማችም። «አልሰማችም» ማለት እንኳ ትክክል አይደለም፤ እንዳትሰማ ተደረገች። ይህን ያደረጉት ሰዎች ድርጊታቸውን የሃይማኖትና የመናገር ነጻነት ይሉታል።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት የሚደወለው ለሟች ልጅ ሳይሆን እዚህ ላለ የተከበረ ሰው ነው። እሱ ዘመድ ወዳጁን ያሰባስባል፤ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ በሩ ይንኳኳል። ጸዮን ይህን ሥርዓት የምታውቀው በእጇ ነበር። በሱዳን በኩል መጥታ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ከገባች ወዲህ ዕድሩ መርዶ ሲሄድ ከሐዘንተኛው አጠገብ የምትቆመው እሷ ነበረች፤ ጩኸቱ ሲፈነዳ ፊቱን እንዳይቧጥጥ ሁለት እጆቹን ትይዛለች። ሬክስዴል ውስጥ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ትሠራ ስለነበር፣ ለዚህ ስትል ሺፍት የማትቀያየረው ባልደረባ አልነበራትም።

አንድ እሑድ መምህር ተክለ ማርያም፣ የማኅበረ ምእመኑ ሰባኪ፣ ስለ ወንድ ከወንድና ሴት ከሴት ጋር መኖር አስተማሩ። ቃላቸው ከባድ ነበር። ጸዮን እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አዳመጠች። ወደ ቤት ሲመለሱ በከተማው ባቡር፣ ስትሪትካር ላይ ጎረቤቷና ጓደኛዋ መቅደስ አላስቀመጠቻትም።

«ተነሥተሽ አትወጪም ነበር?»

«የት ልሂድ? ያመኑትን ተናገሩ። እኔም ያመንኩትን ስኖር ዝም በይ የሚለኝ አልፈልግም።»

«አንቺ ደግሞ! ጠበቃቸው ሆንሽላቸው እኮ።»

«እሳቸው እንደሆኑ ሌላ ጠበቃ አያገኙም፤ አፋቸው ያስፈራል።»

ሰባኪ ቅዱስ መጽሐፍን በገባው መጠን የመስበክ መብቱ በዚህ አገር ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ክስ ስለ ስብከቱ አይደለም።

ክሱ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ጸዮን ወደ ኤግሊንተን ዌስት ተዛውራ ማርቫ ከምትባል ጃማይካዊት ፀጉር ሠሪ ጋር መኖር ጀመረች። አላወጀችም፤ አልደበቀችምም። ዕድሩ ተሰበሰበ፤ ከአባልነት ትሰረዝ የሚሉ ብዙ ነበሩ። አቶ ሰብስቤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ምክንያት ሰው ማግለል በኦንታሪዮ ሕግ ከ1986 ጀምሮ እንደሚያስጠይቅ አንብበዋል። «አባልነቷ ይቆይ፤ ቤቷን ግን እግራችን አይረግጥም። እግርህ ለምን አልሄደም ብሎ የሚከስ ሕግ የለም» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ሕጉን ያነበቡት ሊያከብሩት ሳይሆን የሚያልቅበትን ድንበር ሊያውቁ ነበር።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ያረፉት ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው። ልጃቸው ኪሩ፣ የጸዮን ታናሽ ወንድም፣ ለአቶ ሰብስቤ ደወለ። «አደራ ጋሽ ሰብስቤ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ» አላቸው።

«ግድ የለህም፣ በወጉ እናደርገዋለን» አሉት።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ መቅደስ እየቆመች እየተቀመጠች ተናገረች።

«ቤቷ ካልገባችሁ እኔ ቤት ላምጣት። እኔ ቤት ይነገራት።»

«እሺ፣ ተነገራት እንበል» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ከዚያ የት ትቀመጣለች? ለቅሶ የሚደረሰው የሐዘንተኛ ቤት ነው። በሩን ያቺ ሴትዮ ትክፈትልን?»

«ንፍሮውንም ትቀቅልልን እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ። ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ተሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ጸዮን ዕረፍት አጣች፤ ምክንያቱን ግን አታውቅም። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የሚስሟት ሴቶች ጉንጫቸውን ቶሎ ይነጥቃሉ። ኩሽና ውስጥ ትሪ ከእጇ ይወድቃል፤ አውቶቡስ ተሳፍራ ሳትደርስ ትወርድና በእግሯ ትሄዳለች። በየሳምንቱ ወደ ደብረ ብርሃን ትደውላለች።

«እማዬን አቅርብልኝ።»

«ጠበል ሄዳለች» ይላል ኪሩ።

«ዛሬም? ከእኔ የባሰች ስደተኛ ሆነችሳ! ስትመለስ ንገራት፣ እኔ ራሴ ኮል አደርጋለሁ።»

ኪሩ ይስቅላታል፤ ስልኩን ይዘጋና ለአቶ ሰብስቤ ይደውላል። «ነገራችኋት?» «ቀን እየመረጥን ነው።» ኪሩ አመናቸው። በባዕድ አገር ያለች እህቱን በስልክ ከማርዳት ውሸቱን መረጠ፤ የትኛውም የእኛ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተ። መቅደስም ልትናገር እስከ ማርቫ ፀጉር ቤት በር ደጋግማ እየሄደች ተመለሰች። ሰው ብቻውን መርዶ አያረዳም፤ ሸክሙ አስፈራት። የእሷ ፍርሃት ነው። የአቶ ሰብስቤ ግን ፍርሃት አይደለም፤ ውሳኔ ነው።

መስከረም ላይ ጸዮን ፓርክዴል ካለ የአበሻ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ገባች። ከደብረ ብርሃን በቅርቡ የመጣች ዓለምሸት የምትባል ሴት አየቻትና አቀፈቻት፤ ቀጥሎም ቢጫ ሹራቧን በዓይኗ መዘነች።

«ጥቁሩን አወለቅሽው እንዴ እህቴ? ገና እኮ ነው።»

«የምን ጥቁር?»

«የእትዬ ብርሃነሽን ነዋ! ተዝካራቸውን በልቼ አይደል የመጣሁት።»

ሱቅ ውስጥ ከነበሩት መካከል የደነገጠችው ዓለምሸት ብቻ ነበረች። ሌሎቹ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ጸዮን ራሷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጇን የያዘላት የለም።

ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃዋ በትሕትና አስረዳቻት፦ አከራይ ቢያባርርሽ፣ አሠሪ ቢያሰናብትሽ፣ ሱቅ አልሸጥም ቢልሽ እንከሳለን፤ ሰው መጥቶ እንዲያለቅስልሽ የሚያስገድድ ሕግ ግን የለም። ጠበቃዋ አልተሳሳተችም፤ እንዲህ ያለ ሕግም ሊኖር አይገባም። የዕድሩ ሰዎች ያደፈጡት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የመናገር ነጻነትን ጋሻ አድርገው ያነሡት ለተናገሩት ቃል ሳይሆን ለነፈጉት ቃል ነው።

ጸዮን የጠየቀችው ካሳ አልነበረም። «ይምጡና ይንገሩኝ» አለች ለመቅደስ። «ማወቁንስ አውቄያለሁ። ግን በሬን አንኳኩተው ይንገሩኝ። እናቴ እንደ ሰው መሞቷ ይነገርላት።»

መቅደስ ይህን ይዛ መምህር ተክለ ማርያም ዘንድ ሄደች።

«ለቅሶ አትድረሱ ብዬ አላስተማርኩም» አሉ መምህሩ። «ያዘነን ማጽናናት ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያው እሑድ መድረኩ ላይ ይበሉት፣ አባቴ።»

«እሱ እንኳ… ሰው በሌላ ይተረጉመዋል። ጊዜው አይደለም።»

መምህሩ ይህን ለማለት ፈቃድ አላስፈለጋቸውም። ከባዱን ስብከት የጠበቀላቸው ያው መብት ይህንንም ቃል ይጠብቅላቸው ነበር። ያኔ ተጠቀሙበት፤ አሁን ተዉት።

ይህ ሲጻፍ በዚያው አቆጣጠር 1999 ነው። አቶ ሰብስቤ በድጋሚ ተመርጠዋል። መምህሩ በየእሑዱ ይሰብካሉ፤ ያቺን ቃል አልተናገሯትም። ከዕድሩ ወደ ኤግሊንተን ዌስት የሄደ ሰው የለም።