ሽምግልና የሄድንበት ቤት ኳስ ይታይ ነበር

ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሌ ሆኜ መካ ሄድኩ... አዎ፣ እኔ! የተመረጥኩት ጺሜ ስለረዘመ ብቻ ነው።

የምንጠይቀው አንድ ክፍል አብሮኝ ለሚኖረው ጓደኛዬ ለሰይድ ነው። ልጅቷ ሉባባ መካ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሚድሯት እዚያው መካ፣ መንሱር ሰፈር የሚኖሩት አጎቷ ሐጂ ይመር ናቸው። ዋናው ሽማግሌያችን ሼህ እንድሪስ ከጅዳ ጀምሮ የመከሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንተ አፍህን እንዳትከፍት!»

ገባን። ሐጂ ግን ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ሾፌር ሆነው የሚሠሩበት ቤት ልጅ አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ የአሜሪካ ፉትቦል አስለምዷቸዋል። ያ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበት... ኳሱ እንቁላል የሚመስለው።

ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። በወጉ መሠረት የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀምስም አልን። እኔ ግን በዓይኔ ጨርሼዋለሁ።

ሼህ እንድሪስ ጥያቄውን አቀረቡ።

«ሰይድን አውቀዋለሁ» አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ስንት ዓመት ለፍቶ እጁ ላይ ምን አለ? ልክ እንደዚህ ልጅ ነው!»

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። ዘንድሮ የገባ ግዙፍ ወጣት ተከላካይ ነው። ሥራው የፊት መስመሩን ሰብሮ ኳስ ወርዋሪውን መጣል ነው አሉን።

«ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልጣለም። ኻላስ፣ የማይረባ ነው!»

አለቀልን አልኩ በልቤ። ሰይድ ጅዳ፣ ጉለይል ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ ነው። ዛሬ እምቢ ከተባለ ሉባባን ለሌላ ሊሰጧት እንደሆነ ሰምቷል። አሳዘነኝ።

ሼህ እንድሪስ ይሄን ጨዋታ በዕድሜያቸው አይተውት አያውቁም። ጺማቸውን እያሻሹ ትንሽ ተመለከቱና «ሐጂ፣ ከፈረዱ አይቀር በደንብ ይዩት። ልጁን እኮ ሁለት ሰው ይዞታል! ሁለቱን እሱ ስለያዘለት ነው ያኛው ጓደኛው ክፍት መንገድ አግኝቶ ወርዋሪውን የጣለው» አሉ።

ሐጂ ጨዋታውን በሪሞት ወደኋላ መልሰው አዩት። እንደገና አዩት...

«ወላሂ ሁለት ናቸው! እሺ፣ ሰይድንስ ማን ያዘው?»

ሼህ እንድሪስ ዞር ብለው በጣታቸው... እኔን! «አንዱ ይኸው። ሥራ ካጣ ወዲህ የሚበላው የሰይድን፣ የሚተኛው ሰይድ በሚከፍልበት ክፍል። የለበሰው ጀለብያ እንኳ የሰይድ ነው።»

ሐጂ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያንን ግዙፍ ልጅ እንኳ እንዲህ አላዩትም።

ሼህ እንድሪስ «ሁለተኛው ደግሞ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ይተዉት ሼህ፣ ይሄ ብቻውን ሁለት ነው! ምስኪን ሰይድ! ልጅቷን ሰጥቻለሁ። ግን ኒካሁ ሳይታሰር ይሄ ሰውዬ ከላዩ ይውረድለት።»

ሳምቡሳው ተፈቀደ። ተናድጄ ስለነበር ሳህኑን አጸዳሁት። ሐጂ ባዶውን ሳህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይኸው ሰይድ ሙሽራ፣ እኔ ቤት ፈላጊ ሆነናል። ጉለይል አካባቢ ባዶ አልጋ የምታውቁ አሳውቁኝ... ጀለብያውን ግን አልመልስም፣ ለሠርጉ የምለብሰው የለኝም።