ለሌላው የወቀጥኩት ጫት

እኛ ዘንድ ጥርስ ለከዳው ሰው ጫቱ ተወቅጦ ይሰጠዋል። የአማቴን፣ የባሌን እናት፣ ጫት በሙቀጫ የምወቅጥላቸው እኔ ነበርኩ። መውቀጥ እንጂ መቅመስ አልተፈቀደልኝም። «ጫት ለወንድ ጉልበት ነው፤ የሴትን ማህፀን ግን ያደርቃል» ይሉ ነበር፣ የወቀጥኩትን እየጎረሱ። እሳቸው እየቃሙ ሁለት ልጅ መውለዳቸውን የሚያነሳ አልነበረም።

እኔ አልወለድኩም፤ መካን አሉኝ። ከጊደር መጋላ ገበያ የመጣ ሥራሥር ሁሉ ጠጣሁ፤ ዱዓ ተደረገልኝ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በየቀኑ ከቀትር ሶላት በኋላ ጫት ሊቅም በርጫው ላይ ነበር። አንድ ቀን «እሱም ይመርመር» ብል እህቱ በሰው ፊት ሳቀችብኝ።

«ኮርማ ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንዴ? ይልቅ አንቺ ዘነዘናሽን አንሺ!»

ሌላ ሚስት አገባ። እሷም አልወለደችም። ያኔ የሳቀ የለም።

የእህቴ ልጅ አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በቅርቡ እያፈርኩ ጠየቅኳት፤ ቅጠሉ አንድ ከሆነ ለወንድ ጉልበት፣ ለሴት ድርቀት የሚሆነው በምን ብልሃቱ ነው?

«አክስቴ፣ የሚያነቃቃው ነገር አንጎል ላይ ነው የሚሠራው። የወንዱንም የሴቷንም ሆርሞን የሚያዘው ደግሞ አንጎል ነው። የሴቷ በየወሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይዞራል፤ የወንዱ እንዲያ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን እኩል ላይነካቸው ይችላል።»

«ወንዱን ምን ያደርገዋል?»

«አብዝቶ የሚቅም ወንድ ዘሩ ሊዳከም ይችላል ይባላል። ሆርሞኑን ግን አንዱ ጥናት ጨመረ ይላል፣ ሌላው ቀነሰ።»

«ሴቷንስ?»

«የእናንተ የሴቶቹማ ገና በቅጡ አልታወቀም። ስትጠየቁ ‹ኧረ እኔ አልቅምም› ትላላችኋ!»

«ታዲያ ጥፋቱ የባሌ ነበር?»

«ሳይመረመር በምን አውቃለሁ?»

ይቺን ይዤ ኤረር በር አጠገብ ወደምትኖረው የባሌ እህት ሄድኩ። የእሷም ጥርስ አልቋል፤ ሙቀጫው ፊቷ ነው። እንደ ድሮው ዘነዘናውን ወደኔ ገፋችው። አልነካሁትም። የእህቴ ልጅ ስለ ወንዱ ያለችኝን ነገርኳት።

«ወንድምሽ አልተመረመረም» አልኳት። «መካን ያላችሁኝ በምን አውቃችሁ ነው?»

አልሳቀችም፤ ትስቃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለሴትስ ምን ያደርጋል አለች ልጅቷ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይታወቅም። ስለምንዋሽ።»

«ወላሂ እኔ ከእናቴ ተደብቄ ስቅም የወር አበባዬ ይዛባብኝ ነበር። ከጫቱ ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ። ለማን ልናገር?»

አዘንኩላት ማለት አልችልም። ግን ለማወቅ ጓጓሁ፤ የእኛ የሴቶቹ ነገር የተዳፈነው በስንት ቤት ይሆን?

«መካን ነሽ ያልሽኝን ቃልሽን መልሺ» አልኳት።

«ያልሆነ ነገር ተናግረናል» አለች፣ ሳታየኝ። ከዚያ ዘነዘናውን ራሷ አንስታ መውቀጥ ጀመረች።