ሐኪሟ ያመሰገነችው ሻይ

ባለቤቴ ትራክ ነጂ ነው። ትራክ የሚነዳ ሰው በየጊዜው ተመርምሮ ሜዲካል ካርድ ካልተሰጠው መሪ አይጨብጥም። ልጃችን ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ ሥራ በያዘች ዓመት ካርዱን ሊያሳድስ ሄደና ስኳር ተገኘበት። መርማሪው የሦስት ወር ጊዜያዊ ካርድ ሰጥቶ ወደ ሐኪም ላከው።

ሐኪሟ ክኒን አዘዘችለት። በሦስት ወር ውስጥ ካልወረደለት ኢንሱሊን እንደሚጀምር ነገረችን። ያን ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከጆርጂያ ወጥቶ ትራክ መንዳት አይችልም ነበር። ባለቤቴ ደግሞ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። እንጀራችን ያ መሪ ነው።

ልጄ ልታስተረጉምልን አብራን ነበረች። ሐኪሟ መንገድ ላይ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀች።

«ሶዳ?»

«በአፉ ዞሮ አያውቅም» አልኩ።

«ጁስ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ምን ይጠጣል?»

«ሻይ። እኔ አፍልቼ በፔርሙዝ እሰጠዋለሁ።»

ሐኪሟ ደስ አላት። ሻይ ለልብ ጥሩ እንደሆነ፣ ከሶዳ እጅግ እንደሚሻል፣ ነጂው ሁሉ እንደሱ ቢሆን እንደምትወድ ተናገረች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝ፤ የሚያፈላው እሱ ይመስል።

መድኃኒቱ ወጥ ቤቴ ውስጥ ስለተገኘ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አንድ የነበረውን ፔርሙዝ ሁለት አደረግኩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። አንዷ ቀረፋ ስኳር ያወርዳል አለችኝ። ሌላዋ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ካልገባበት ዋጋ የለውም አለች። ሁሉንም ጨመርኩ። ቀረፋው በዝቶ ስለመረረ ስኳሩንም ትንሽ ከፍ አደረግኩት። በየማለዳው ዳዊት እየደገምኩ አፈላሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ወደ ሐኪሟ ተመለስን። ስኳሩ ጨምሯል። ሐኪሟ ክኒኑን በትክክል ይውጥ እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እንደ ሕፃን ደብቄ የምተፋው መስሏት ነው?» አለ ባለቤቴ።

ልጄ «ይውጣል» ብላ ተረጎመች።

ሐኪሟ ስትወጣ ነርሷ ደም ልትወስድ ገባች። ጠና ያለች የጆርጂያ ሴት ናት፤ ቆማ እንደዋለች ፊቷ ያስታውቃል። ባለቤቴ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ፔርሙዙ እግሬ ሥር ነበር። ቀዳሁላት። አንዴ ተጎነጨችና ኩባያውን ራቅ አድርጋ አየችው።

«እኔ ጣፋጭ ሻይ ጠጥቼ ያደግኩ ነኝ» አለች። «እንዲህ ያለ ግን አያቴም አላፈላች። ስንት ማንኪያ ነው?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ ስኳሩ ስንት ነው?»

«እንደ ማንኛውም ሻይ ነው። በብርጭቆ ሦስት። አሁን አራት።»

«ፔርሙዙ ስንት ብርጭቆ ይይዛል?»

«ስድስት።»

«በቀን ሁለት ፔርሙዝ?»

«ሐኪሟ ጥሩ ነው ብላለች።»

ልጄ ስልኳን አውጥታ አባዛች፤ ውጤቱን ሳትነግረኝ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። እሷም ያንኑ ሻይ ጠጥታ ነው ያደገችው፤ ስትተረጉም ስኳሩ ትዝ አላላትም።

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። ስኳር እንደምንጨምር ለምን እንዳልነገርናት ጠየቀች።

«የጠየቀችን ስለ ሻይ ነው» አልኩ። ልጄ ይህን አልተረጎመችውም።

ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። በማግስቱ ከእሱም ሻይ ከእኔም ሻይ ስኳሩን አስቀረሁ። ባለቤቴ ከአላባማ ደወለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ።»

«ሻይ አይደለም፣ የቅጠል እጣቢ ነው።»

«እኔም እሱኑ ነው የምጠጣው።»

«አንቺ ደግሞ ምን አለብሽ?»

«ባል አለብኝ።»

ስልኩን ዘጋ። ሲመለስ ፔርሙዙ ባዶ ነበር። ጠጥቶት ይሁን ደፍቶት አልጠየቅኩትም፤ ለእመቤታችን ግን ነገርኳት።

እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ሲቀርብ ስኳሩን ሳልነካ አሳለፍኩት። ቀረፋ የመከረችኝ ሴት አየችኝ።

«ምነው፣ የንስሐ አባትሽ ቀኖና ሰጡሽ እንዴ?»

«ነርስ ናት የሰጠችኝ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት እያማተብኩ ነው የዋጥኩት። በአራተኛው ሳምንት ቅርንፉዱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ፣ ቅጠሉም ቅጠል ቅጠል አለኝ። ሃምሳ ዓመት የጠጣሁት ሽሮፕ ኖሯል። ባለቤቴም እየደወለ ማማረሩን ተወ። ስለወደደው ይሁን ስለሰለቸው እስካሁን አልነገረኝም።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ ክኒኑን እንዲቀጥል ነገረችው፤ ኢንሱሊን አላነሳችም። መርማሪውም ካርዱን ሰጠው። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» አለ። «ለሌላው ሰው ሁለት ዓመት ይሰጣሉ።»

«ዓመት እንደሚኖር በጽሑፍ የተሰጠው ማን አለ? ተመስገን በል።»

ካርዱን ኪሱ ከተተ። «ተመስገን» አለ። ጮክ ብሎ አልነበረም፤ ግን ሰማሁት።